«ቆይ፣ ትንሽ እንየው»፦ ተረት ከሞት ያድናል ወይ?

ባለፈው እትም ስለ ስትሮክ፣ ማለትም ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ ወይም አንጎል ውስጥ ደም ሲፈስ ስለሚመጣው ሕመም ምልክቶች አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። የደረሱን ደብዳቤዎች ግን ስለ ሕመሙ ብዙም አይጠይቁም። የሚጠይቁት ስለ ሰው ነው። ሰው ምልክቱን እያየ ለምን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል? በድራማ፣ በተረት፣ በዘፈን ብንነግረውስ ይሰማን ይሆን? ተመሳሳዮቹን ጨፍልቀን ጥቂቶቹን መርጠናል። የላካችሁት እዚህ ከሌለ አትቀየሙን፣ ቦታ ጠቦን ነው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ስለ ስትሮክ በየሰፈሩ እየዞርኩ አስተምራለሁ። ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃቸው አንድም ሳያስቀሩ ይመልሱልኛል። ከዚያ ሰው ይታመምና በማግስቱ ይዘውት ይመጣሉ! አሁን ደግሞ አለቆቼ «ለማኅበረሰቡ ባህል የሚስማማ ታሪክ አዘጋጂ» ይሉኛል። እውነት ይሠራል ወይስ የሰሞኑ ፋሽን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱን ግማሽ ያህል ራስሽ ጽፈሽዋል። ሰዎቹ ያውቃሉ። እያወቁ ነው የሚዘገዩት። ታዲያ ያንኑ ትምህርት ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ብትደግሚው ምን ይለወጣል?

እ.ኤ.አ. በ1994 ሴሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜን የተባሉ ተመራማሪዎች እናቶች በወሊድ ምክንያት ለምን እንደሚሞቱ ሲያጠኑ መዘግየትን በሦስት ከፈሉት። መጀመሪያ ወደ ሕክምና ለመሄድ መወሰን ይዘገያል። ቀጥሎ መንገዱ ይዘገያል። ከተደረሰ በኋላ ደግሞ ሕክምናው ራሱ ይዘገያል። አከፋፈሉ ለወሊድ ይውጣ እንጂ ለስትሮክም፣ ለልብም፣ ትንፋሽ ላጠረው ሕፃንም ይሠራል። ተረት የሚደርሰው የመጀመሪያው ላይ ነው። ሁለቱን ሌሎች ብቻውን አይነካቸውም፤ ስለ እነሱ ተቆጥቶ የጻፈልን አንባቢ ስላለ ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

የመጀመሪያው መዘግየት የሚፈጠረው ቤት ውስጥ ነው። እስቲ ቤቱን አስቢው። አባት ወንበር ላይ ተቀምጦ አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። እሱ «ደህና ነኝ፣ አታካብዱ» ይላል። ሚስት «ትንሽ ይተኛ» ትላለች። ወንድም «ቆይ፣ ትንሽ እንየው፣ ካልተሻለው ጠዋት እንወስደዋለን» ይላል። አንቺ ያስተማርሻት ልጅ ጥግ ላይ ቆማለች። ምን እንደሆነ ገብቷታል፣ ግን ትንሽ ናት፣ ማን ይሰማታል? ታላላቆቿን ሳትዳፈር፣ ግን ደግሞ ሳትለቅ ምን ብላ እንደምትናገር ማንም አሳይቷት አያውቅም። በራሪ ወረቀትሽ እዚህ ጭቅጭቅ ውስጥ መግባት አይችልም። ታሪክ ይችላል፣ ምክንያቱም ራሱ ጭቅጭቁን አስቀድሞ ሊያጫውታቸው ይችላል።

በዚህ መሐል ሰዓቱ ይነጉዳል። በስትሮክ ጊዜ ደም በተቋረጠበት የአንጎል ክፍል በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች እንደሚሞቱ ተሰልቷል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4.5 ሰዓት ውስጥ ነው። የወንድምየው «ጠዋት» ምን እንደሚያስከፍል አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ሰው ሲበዛ ይፈጥናል የሚል ግምትም አለ፣ እሱም አያስተማምንም። ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ሙከራ ተማሪዎችን ለየብቻ ክፍል አስቀምጠው በድምፅ ማጉያ ሲያወያዩ፣ አንደኛው ተወያይ በድንገት የሚጥል በሽታ እንደተነሳበት የሚያሰማ ድምፅ አሰሙ። «የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ካሰቡት 85 ከመቶዎቹ ድምፁ ሳያበቃ እርዳታ ፍለጋ ወጡ። አራት ሌሎች ሰዎችም እየሰሙ ነው ብለው ካሰቡት ግን የወጡት 31 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ክፉ ስለሆኑ አይመስለኝም። ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል። ስለዚህ ታሪክሽ ውስጥ «እገሌ፣ አንተ ደውል፤ እገሊት፣ አንቺ በሩን ክፈቺ» ብላ ስም እየጠራች ሥራ የምታከፋፍል ሰው ብታስገቢ ትልቅ ነገር ሠራሽ።

ይሠራል ወይ ላልሽው፣ እኔን ያሳመነኝ የኔፓል ታሪክ ነው። ማክዋንፑር በሚባል አውራጃ በየመንደሩ ሴቶች በአንዲት አወያይ መሪነት በየወሩ እየተሰበሰቡ ስለ ወሊድና ስለ ጨቅላ ሕፃናት ችግር በሥዕል ካርድ እየተጫወቱ ያወሩ ነበር። ሐኪም መጥቶ ንግግር አያደርግላቸውም። ችግሩን እነሱ ይለያሉ፣ መላውንም እነሱ ይመታሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ ሲታተም እነዚህ ቡድኖች ባሉባቸው አካባቢዎች የጨቅላ ሕፃናት ሞት ከሌሎቹ በ30 ከመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። በኋላ በሕንድ ጃርካንድና ኦሪሳ ተመሳሳይ ሥራ ሲሠራ ተረትና ጨዋታ የውይይቱ ዋና መሣሪያ ሆነ፤ እዚያም ሞቱ ቀነሰ። የእኔ ንባብ እንዲህ ነው፦ ታሪኩ ብቻውን አይደለም የሠራው፣ ከታሪኩ በኋላ «እኛስ ብንሆን?» ብለው መነጋገራቸው ነው። ስለዚህ አሥር ደቂቃ ተርከሽ ግማሽ ሰዓት አስወሪያቸው። ለአለቆችሽ ደግሞ ፋሽኑን ሳይሆን ወሬውን በጀት አድርጉልኝ በያቸው።

ጥያቄ፦ የተውኔት ክበብ ነን። ስለ ስትሮክ አጭር ድራማ እየጻፍን ተጣላን። ግማሾቻችን አባትየው ይሙት፣ ተመልካቹ ይደንግጥ እንላለን። ግማሾቻችን ይዳን፣ ሕዝቡ ተስፋ ያግኝ እንላለን። መጨረሻ ላይ ሐኪም መድረክ ላይ ወጥቶ ምልክቶቹን እንዲያስረዳ ግን ሁላችንም ተስማምተናል። ምን ትመክሪናለሽ?

መልስ፦ በተስማማችሁበት ነገር ልጀምር። ሐኪሙን አውጡት። ሐኪሙ አፉን ሲከፍት ተመልካቹ ስልኩን ያወጣል፣ ድራማው ትምህርት እንደሆነ ነቅቶበታላ! ማወቅ ያለበትን ነገር በሙሉ የቤቱ ሰዎች አፍ ውስጥ፣ በጥላቸው መሐል ክተቱት። ሐኪሙ የሚያስፈልጋችሁ ጽሑፉን አንብቦ ስህተት እንዲያርምላችሁ ነው። ይህን ደግሞ የግድ አድርጉት፣ በቆንጆ ድራማ የተነገረ ስህተት ከሰው ጭንቅላት አይወጣም።

ይሙት ወይስ ይዳን? እኔን ብትጠይቁኝ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማኅበራዊ ለውጥ ለማምጣት የቴሌቪዥን ድራማ ይሠራ የነበረው ሜክሲኮአዊው ሚጌል ሳቢዶ ገጸ ባሕርያቱን በሦስት ይከፍላቸው ነበር። አንዱ ጥሩውን ያደርጋል፣ አንዱ መጥፎውን፣ አንዱ ደግሞ መሐል ላይ እየዋለለ ቀስ በቀስ ይለወጣል። ተመልካች ራሱን የሚያየው በሦስተኛው ነው። የእናንተ ሦስተኛ ሰው «ጠዋት እንወስደዋለን» የሚለው ወንድም ነው። እሱን ሞኝ አታድርጉት። ለመዘግየት በቂ ምክንያት ስጡት፦ ገንዘብ ያሳስበዋል፣ ሌሊት ነው፣ ባለፈው ሆስፒታል ወስደውት «ምንም የለበትም» ተብለው አፍረው ተመልሰዋል። ተመልካቹ «ልክ ነው እኮ» ሲል ያዛችሁት። ከዚያ ምን ያስለውጠዋል? እዚያ ላይ ላብ አፍስሱ። ድራማው አሥራ አምስት ደቂቃ ከሆነ አሥሩን ለዚህ ጭቅጭቅ ስጡት፣ ሆስፒታሉን በሩቁ ዝለሉት።

ፍርሃትን በተመለከተ፣ ፍርሃት ያለ መውጫ ሰውን ያስሸሸዋል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሠራጩት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ስትሮክን በሰው ጭንቅላት ላይ እንደሚዛመት እሳት አድርገው አሳዩት። ያስፈራል። ግን እዚያው ላይ ፊቱን እይ፣ እጁን እይ፣ ንግግሩን ስማ፣ ደውል ይላል። ተመልካቹ ከነፍርሃቱ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። እናንተም አባትየውን ብትገድሉት ፈቃዳችሁ ነው፣ ግን ከዚያ በፊት የትኛዋ ደቂቃ ላይ ሌላ መንገድ እንደነበረ በግልጽ ትታይ።

የስልክ ጥሪውን ደግሞ በጥቁር መጋረጃ አትዝለሉት። ሙሉውን አሳዩ። ደዋይዋ የት እንዳለች፣ ምን እንዳየች፣ በተለይ ደግሞ አባትየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ትናገር፤ ሐኪሞች መድኃኒቱ ይሰጠው አይሰጠው የሚወስኑት በዚያ ሰዓት ነውና። አንዱ ዘመድ ውኃ ወይም ምግብ ሊያቀምሰው ሲል ሌላው ይያዘው፣ መዋጥ ካቃተው ሊያንቀው ይችላል። አስፕሪንም እንደዚያው፤ ስትሮኩ የደም መፍሰስ ከሆነ ያባብሰዋል፣ ቤት ውስጥ ሆኖ ደግሞ የትኛው እንደሆነ ማንም አይለይም።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ማንም ሲጽፈው አላየሁም። ሌላ ድራማ ጻፉ። ቤተሰቡ ይደነግጣል፣ ይደውላል፣ ይሮጣል፣ ሐኪሙ አይቶ «ስትሮክ አይደለም» ይላል። ማንም አይስቅባቸውም። ሐኪሙ «ደግ አደረጋችሁ፣ ነገም እንዲህ አድርጉ» ብሎ ይሸኛቸዋል። ብዙ ሰው የሚዘገየው ተሳስቶ መሳቂያ መሆንን ፈርቶ ነው፣ ይህን ፍርሃት ደግሞ የሞት ታሪክ አያድነውም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ማታ ማታ ልጆች ይሰበሰቡና ተረት እነግራቸዋለሁ። በሠፈራችን የሚጥል በሽታ ያለበት ጎልማሳ አለ። ሲወድቅ ገሚሱ ይሸሻል፣ ገሚሱ ጥርሱ እንዳይነካከስ ብሎ ማንኪያ አፉ ውስጥ ያስገባል። አዋቂዎቹን የሚነቅፍ ተረት ብነግር ልጆቹ ቤታቸው ወስደው ይናገራሉ፣ ከጎረቤት ጋር እጣላለሁ። ዝም ማለቱም ከበደኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ዝም አይበሉ። ግን ማንንም መንቀፍ አያስፈልግዎትም። ማንኪያ የሚያስገባው ሰውዬ እኮ ሊረዳ ነው የመጣው፤ ከሚሸሸው በብዙ ይሻላል። በተረትዎ ውስጥ ይህን ደግነቱን ያክብሩለትና እጁን ወደ ሌላ ቦታ ይምሩለት። ማንኪያውን የያዘው እጅ ኮቱን አውልቆ ከታማሚው ራስ ሥር ያንጥፍ። ሌላው ሰው ዙሪያውን ያለውን ድንጋይና ወንበር ያርቅ። አንዱ ልጅ ሰዓት ይይዝ። አጥብቀው አይያዙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አይግባ፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ ያስተኙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ቆሞ እንደገና ከጀመረ፣ ወይም ከዚህ በፊት ወድቆ የማያውቅ ሰው ከሆነ፣ አምቡላንስ ይጠራ። ይህ ሁሉ በአንድ ተረት ውስጥ ይገባል፣ እርስዎ ደግሞ የተረት ሰው ነዎት።

በተረቱ ውስጥ የመጀመሪያውን ምክር ከሽማግሌ አፍ ያውጡት። ልጅ አዋቂን የሚያርምበት ተረት ልጆቹን ያስደስታል፣ አዋቂው ግን ጆሮውን ይዘጋል። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 ምዕራብ አፍሪካ ላይ ኢቦላ በነበረበት ጊዜ የሆነውን ያስታውሱ ይሆናል። ሬሳ መንካት ስለሚያዛምት መጀመሪያ ላይ የቀብር ቡድኖች መጥተው ሬሳውን ይዘው ይሄዱ ነበር፣ ቤተሰብ ሳይሰናበት። ሰዉ ሙታኑን መደበቅ ያዘ። በኅዳር 2014 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የዓለም ጤና ድርጅት ከሃይማኖት ተቋማት ጋር ተመካክሮ ሌላ መመሪያ አወጣ። ቤተሰብ ከርቀት ሆኖ እንዲያይ፣ ጸሎት እንዲደረስ፣ የእስልምናም የክርስትናም ሥርዓት የሚቻለው ያህል እንዲጠበቅ አደረገ። ሰዎቹ እምቢ ያሉት ሕይወት ማትረፉን አልነበረም፤ ውርደቱን ነው። የእርስዎ ጎረቤቶችም እንደዚያው ናቸው፣ ክብራቸውን ካልነኩባቸው ማንኪያውን ራሳቸው ያስቀምጡታል።

እና ጎልማሳው ራሱ፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ ተረቱን ቀድሞ ይስማው። ስለ እሱ ነውና።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር የተሠራ በጣም ጥሩ ቪዲዮ አለን። ድምፁን ብቻ ተርጉመን ብናሳይ አይበቃም?

መልስ፦ ከምንም ይሻላል፣ ግን አይበቃም። በእንግሊዝኛው ዓለም የስትሮክ ምልክቶችን የሚያስታውሱት FAST (ፋስት) በሚል አንድ ቃል ፊደላት ነው፤ ፊደላቱ ፊት፣ እጅ፣ ንግግርና ጊዜ ለሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ይቆማሉ፣ ቃሉ ራሱ ደግሞ «ፈጣን» የሚል ትርጉም አለው። በቻይንኛ ያ አይሠራም። ጂንግ ዣውና ሬንዩ ሊዩ የተባሉ ሐኪሞች እሱን ትተው ከአገራቸው የአምቡላንስ ቁጥር፣ ከ120 ተነሡ። 1፣ አንድ ፊት እይ፣ ተጣሟል ወይ? 2፣ ሁለት እጆቹን ያንሳ፣ አንዱ ይወርዳል ወይ? የዜሮ ንባብ ደግሞ በቻይንኛ «አዳምጥ» ከሚለው ጋር ስለሚመሳሰል ንግግሩን ስማ ማለት ሆነ። ምልክቱን ያስታወሰ ሰው የሚደውልበትንም ቁጥር በዚያው ያዘ። እንዲህ ያለ ነገር ተርጓሚ አያገኘውም።

እናንተም ቪዲዮውን ስታዩ ሦስት ነገር ፈትሹ። እዚያ ቤት ውስጥ የሚወስነው ሰው እናንተ ዘንድም የሚወስነው ነው? የሚፈሩት ነገር እናንተ የምትፈሩት ነው? የሚመጣው መኪና እናንተ ጋም ይመጣል? ሦስቱም አይደለም ከሆነ ቪዲዮውን ለራሳችሁ እዩትና የራሳችሁን ሥሩ። ስልክ ካሜራ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤት ውስጥ ለልጆች በዘፈንና በካርቱን አስተምረናል፣ ልጆቹ ወደዱት። እስከ መቼ ያስታውሱታል? ደግሞስ መሥራቱን በምን እናውቃለን?

መልስ፦ ከምትገምቱት ቶሎ ይረሱታል። ኒውዮርክ ውስጥ የነርቭ ሐኪሙ ኦላጂዴ ዊሊያምስ ከራፐሩ ዳግ ኢ ፍሬሽ ጋር ሆኖ ስለ ስትሮክ በሂፕ ሆፕና በካርቱን ልጆችን የሚያስተምር ፕሮግራም ጀምሯል። በ22 ትምህርት ቤቶች ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ታተመ። ከትምህርቱ በፊት ስለ ስትሮክ የተጠየቁትን ሁሉ በትክክል የመለሱት 2 ከመቶ ነበሩ። ወዲያው ከትምህርቱ በኋላ 57 ከመቶ ሆኑ። ከሦስት ወር በኋላ 24 ከመቶ ቀሩ። ሰው «ወረደ» ብሎ ያዝናል፣ እኔ ግን ከ2 ከመቶ ጋር ሳስተያየው ትልቅ ነው እላለሁ። ከእነዚያ ልጆች መካከል የተማሩትን በእውነተኛ ስትሮክ ላይ የተጠቀሙ ነበሩ። ለእናንተ ግን መልእክቱ ግልጽ ነው፦ በየሦስት ወሩ ድገሙት። አዲስ ነገር ሳይሆን ያንኑ ዘፈን። ልጆች የሚያውቁትን ዘፈን ሲደግሙ አይሰለቹም፣ የሚሰለቸው አስተማሪው ነው።

መሥራቱን ለማወቅ «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም «አዎ» ይላችኋል። ቡርኪና ፋሶ ላይ ሕፃናት ሲታመሙ ቶሎ ወደ ሕክምና እንዲወሰዱ የሚቀሰቅስ የሬዲዮ ዘመቻ ለዓመታት ሲተላለፍ ተመራማሪዎቹ ካዩዋቸው ነገሮች አንዱ የጤና ጣቢያዎችን መዝገብ ነው፤ ስንት ሕፃን መጣ? በተለይ በመጀመሪያው ዓመት የመጣው ቁጥር ግልጽ ጭማሪ አሳየ። እናንተም በአቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ተቋም ለምኑ፣ ታማሚ ሲመጣ «ምልክቱ ስንት ሰዓት ጀመረ፣ ስንት ሰዓት ደረሰ» ተብሎ ይጻፍ። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለው ርቀት ካጠረ ሠርቷል። ካላጠረ ጭብጨባው የዘፈኑ ነበር።

ጥያቄ፦ ይቅርታ አድርጊልኝና ይህ ሁሉ ቀልድ ነው። እኛ ጋ አምቡላንስ ተደውሎለት አይመጣም። ድራማ እያሳያችሁ «ደውሉ» ትሉናላችሁ። ደወልን፣ ከዚያስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ከላይ ለነርሷ የነገርኳት ሁለተኛውና ሦስተኛው መዘግየት ይህ ነው፣ እነሱን ደግሞ ተረት አያስተካክላቸውም። እንዲያውም ሰውን አነሳስቶ ባዶ መስመር ላይ የሚተወው ታሪክ ካለመኖሩ ይከፋል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ማንም አይሰማውም።

ግን የኔፓሎቹን ሴቶች ቀሪ ታሪክ ስማኝ። በተረቱና በወሬው መሐል «መንገድ የለም፣ ብር የለም» የሚለው ነገር ሲመጣ ስብሰባው አልተበተነም። አንዳንዶቹ ቡድኖች ለእናቶችና ለሕፃናት ሕክምና የሚሆን ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ፣ አንዳንዶቹ ቃሬዛ አዘጋጁ። ማለትም ታሪኩ የሚነገረው ያለውን ነገር ቆጥሮ ነው። አምቡላንስ ከሌለ በድራማው ውስጥ አምቡላንስ አይምጣ። ሌሊት የሚነሳው ባለ መኪና ማን ነው? ነዳጁን ማን ይከፍላል? ስትሮክ የሚያክመው ሆስፒታል የትኛው ነው፣ በመጀመሪያ ወደማይችለው ተሂዶ ሰዓት እንዳይባክን? እነዚህን አስቀድማችሁ ተስማሙና የተስማማችሁበትን ተጫወቱት።

ድራማውን የምታሳዩበት ቀን ሳይደርስ ደግሞ ባለ መኪናውን ሌሊት ደውላችሁ አስነሡት። አምቡላንስ አለን የምትሉም ከጣቢያው ኃላፊ ጋር ተነጋግራችሁ ሌሊት ስልኩን ማን እንደሚያነሳ አረጋግጡ፣ የአደጋ መስመሩን ለሙከራ ብላችሁ ግን አትያዙት። የሚያነሳ ከሌለ ድራማው ይቆይ።